የማን ጽሑፍ ነው? የእንግሊዝ የኤ-ሌቭል የንጽጽር ጽሑፍ ታሪክና የአንድ አጎት ኑዛዜ

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፣ አንድ ምሽት፣ ታናሽ እህቴ ከለንደን ደወለችልኝ። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ናትና ወደ ሥራ በምትገባበት ሰዓት ስልክ መደወሏ ራሱ አስደነገጠኝ። «ጋሼ፣ ልጅቷን ጉድ አደረጓት! የጻፍሽው ያንቺ አይደለም አሏት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። እንግሊዞች ኤ-ሌቭል ለሚሉት፣ የዩኒቨርሲቲን በር ለሚከፍተው ምስክር ወረቀት ከምታጠናቸው ሦስት ትምህርቶች አንዱ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። በዚህ ትምህርት ከመቶው ሰማንያው የሚገኘው ከፈተና አዳራሽ ሲሆን፣ ቀሪው ሃያ ተማሪው ለወራት በራሱ ጊዜ ከሚያዘጋጀው ሥራ ይገኛል። በእሷ የፈተና ቦርድ ደንብ መሠረት ይህ ሥራ 2,500 ቃላት ያህል ርዝመት ያለው፣ ሁለት መጻሕፍትን የሚያነጻጽር አንድ ጽሑፍ ነው፤ ከሁለቱ መጻሕፍት ቢያንስ አንዱ ከ1900 በፊት የተጻፈ መሆን አለበት። መምህሯ ረቂቁን አንብባ አንድ አንቀጽ አሰመረችበትና «ይህን የጻፈው ማነው?» ብላ ጠየቀቻት። ጥርጣሬዋ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽፎላታል የሚል ነበር።

«አንቀጹን አንብቢልኝ» አልኳት እህቴን። አነበበችልኝ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳትደርስ አወቅሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት ልጅቷ «አጎቴ፣ እስቲ አንዴ እየው» ብላ ረቂቁን ልካልኝ ነበር። አንዱ አንቀጽ ልፍስፍስ ቢልብኝ እኔው አቃንቼ መለስኩላት። እሷም አጎቷ ዶክተር ነውና አምና ተቀበለች። መምህሯ ከማሽን የመጣ የመሰላት አንቀጽ የመጣው ከእኔ ነበር።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በከፊል ኑዛዜ ነው። በከፊል ደግሞ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም «ይህን የጻፈው ማነው?» የሚለው የመምህሯ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሲተነተን «መንግሥት መምህሩን ያምናል ወይ? መምህሩስ ተማሪውን?» ወደሚል ይደርሳል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የኢንስፔክተሩ ትዝብት

በእንግሊዝኛ «ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ» የሚለው አነጋገር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠቀሰው ሰው ማቲው አርኖልድ ነው። ባለቅኔና ሐያሲ ነበር፤ አነጋገሩን በ1848 በጻፈው ደብዳቤ ተጠቅሞበታል። በ1857 በኦክስፎርድ የግጥም ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾም ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ በላቲን ያደርጉት የነበረውን የመክፈቻ ንግግር እሱ በእንግሊዝኛ አደረገው። የንግግሩ ፍሬ ነገርም የትኛውም ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ ከሌሎች ጋር ሳይተያይ ለብቻው በቅጡ አይታወቅም የሚል ነበር። ዛሬ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጣ እንድትመረምር የሚያስገድዳት ሐሳብ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት የአርኖልድን እንጀራ ነው። አርኖልድ ከ1851 እስከ 1886 ድረስ፣ ለ35 ዓመታት፣ በመንግሥት ደመወዝ የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር ነበር። የድሀ ልጆች ወደሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች በባቡር እየተመላለሰ ልጆችን ይፈትን ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ በ1862 ሮበርት ሎው የተባሉት ሹም «በውጤት መጠን ክፍያ» የተባለውን ደንብ አመጡ። ደንቡ ቀላል ነበር። ኢንስፔክተሩ እያንዳንዱን ልጅ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ይፈትናል፤ ልጁ ካለፈ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያገኛል፣ ከወደቀ ገንዘቡ ይቀነሳል። የመምህሩም ደመወዝ በዚያው ይወሰናል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ልጆቹ የንባብ መጽሐፉን በቃላቸው አጠኑት። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ መጽሐፉን ይዘው ይወርዱታል፤ ሌላ ገጽ ቢሰጣቸው ግን አያነቡም። አርኖልድ ይህን አይቶ ዝም አላለም፤ ተቀጣሪ ሆኖ ሳለ ቀጣሪውን በመጽሔት ላይ ተቃወመ። መምህር ገንዘቡን ካገኘበት በኋላ የሚያስተምረው ለፈተናው ነው፣ ማስተዋል የሚባለው ነገር ከክፍሉ ይወጣል የሚል ነበር ክሱ። ደንቡ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ተሻረ። ለንጽጽር የተከራከረውና በቁጥር ብቻ መመዘንን የተቃወመው አንድ ሰው መሆኑ ግን በአጋጣሚ አይመስለኝም። ማነጻጸር በቃል ሊጠና አይችልም፤ ሁለት ነገሮችን አስተያይቶ የራስን ፍርድ መስጠትን ይጠይቃልና።

የተዘጋው አዳራሽ

የ20ኛው ምዕት ዓመት እንግሊዝ ያደገችው በፈተና አዳራሽ ውስጥ ነው። ከ1918 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ሥር ባሉ የፈተና ቦርዶች አማካይነት አገር አቀፍ ምስክር ወረቀት ይፈተኑ ጀመር። በ1943 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ፣ የኖርውድ ኮሚቴ ይባላል፣ ለ16 ዓመት ልጆች የሚሰጠው ፈተና ቀስ በቀስ በራሳቸው በመምህራኑ እጅ እንዲገባ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ምክሩ ወረቀት ላይ ቀረ። በ1951 ኦ-ሌቭልና ኤ-ሌቭል ሲመጡ መርማሪው አሁንም ተማሪውን የማያውቅ፣ በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ሰው ሆነ።

የሥነ ጽሑፉ ፈተና ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ቦርዱ መጻሕፍቱን ይመርጣል። ተማሪው ጥቅሱን ይሸመድዳል። በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ መጽሐፉ በሌለበት፣ ያላያቸውን ጥያቄዎች ይመልሳል። ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ክብር ነበረው፤ አልክደውም። የጌታ ልጅም የማዕድን ቆፋሪ ልጅም በዚያ ወንበር ላይ ብቻቸውን ናቸው። አጎት አይገባም። በሌላ በኩል ግን አንድ ሰው መጽሐፍ አንብቦ፣ ተኝቶበት፣ ተመልሶ አንብቦ፣ ሐሳቡን ቀይሮ የሚጽፈውን ዓይነት ጽሑፍ ይህ ወንበር ሊመዝን አይችልም። አዳራሹ የሚለካው ፍጥነትንና ትዝታን ነበር።

መምህሩ የታመነባቸው ዓመታት

በሩ የተከፈተው ባልታሰበበት በኩል ነው። በ1965 ኦ-ሌቭል አይችሉም ተብለው ለተተዉ ልጆች ሲ.ኤስ.ኢ. የሚባል ምስክር ወረቀት ተጀመረ። ከአሠራሮቹ አንዱ «ሞድ 3» ይባል ነበር፤ መምህሩ ራሱ የትምህርቱን ይዘት ይነድፋል፣ ራሱ ይመዝናል፣ ቦርዱ ናሙና እየወሰደ ያመሳክራል። እንግሊዝ መምህሮቿን ማመን የጀመረችው «አይረቡም» ከተባሉት ልጆች ጋር ነው። ታሪክ እንዲህ ያለ ፌዝ ይወዳል።

በ1970ዎቹ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ውጭ የቆመው አሶሺዬትድ ኤግዛሚኒንግ ቦርድ ለኤ-ሌቭል የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አማራጭ ሥርዓት አመጣ። መምህራን በቁጥሩ «660» እያሉ ይጠሩት ነበር። ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ፈተና ይገባል፤ ከፈተናው ሌላ በዓመቱ ውስጥ የጻፋቸው ሥራዎች ተጠርዘው ይመዘናሉ፤ ከመጻሕፍቱም የተወሰኑትን ራሱ ይመርጣል። የዛሬው የንጽጽር ጽሑፍ በቀጥታ የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። ተማሪ የራሱን መጽሐፍ፣ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል የሚለው ሐሳብ በኤ-ሌቭል ደረጃ ሥር የያዘው እዚያ ነበር።

ከዚያ ጎርፉ መጣ። ኦ-ሌቭልንና ሲ.ኤስ.ኢ.ን አዋሕዶ በ1986 ማስተማር የተጀመረበት፣ በ1988 የመጀመሪያው ምስክር ወረቀት የተሰጠበት ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ለእንግሊዝኛ ትምህርት አንዳንድ ቦርዶች ያለ ምንም ፈተና፣ መቶ በመቶ በዓመት ሥራ እንዲመዘን ፈቀደ። ይህን ያደረገው የማርጋሬት ታቸር መንግሥት መሆኑን ልብ ይሏል። የመምህራን ማኅበራትን ሲታገል የነበረ መንግሥት ለመምህራን ከዚያ በፊት ያልነበራቸውን ሥልጣን ሰጠ።

ግን አልቆየም። በሐምሌ 1991 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ባደረጉት ንግግር የዓመት ሥራ ድርሻ እንዲቀነስ ወሰኑ። ብዙ መምህራን ተቆጡ። ወዲያው የተተከለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልተነቀለም፤ አንዱ ወገን «መምህሩ ልጁን ያውቀዋል» ይላል፣ ሌላው «መምህሩ ለልጁ ያዳላል» ይላል። ሁለቱም እውነት መሆናቸው ነው ችግሩ።

ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን

ወደ ፖለቲካው ከመመለሴ በፊት የተጣሉበት ነገር ራሱ ምን እንደሆነ ላሳይ። የእህቴ ልጅ የመረጠቻቸው ሁለት ልብ ወለዶች የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» (1847) እና የጂን ሪስ «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» (1966) ነበሩ። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ጥንድ ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈው ለመጀመሪያው መልስ ሆኖ ነውና።

በ«ጄን ኤር» ውስጥ የባለጸጋው የሮቸስተር የመጀመሪያ ሚስት፣ የጃማይካዋ በርታ ሜሰን፣ አብዳለች ተብላ በላይኛው ፎቅ ተቆልፋባታለች። ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ በመጨረሻም ቤቱን አቃጥላ ትሞታለች። ስለ ራሷ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትናገርም። በካሪቢያኗ ደሴት በዶሚኒካ የተወለደችው ጂን ሪስ ከመቶ ዓመት በኋላ ለዚህች ሴት ልጅነት፣ አገርና አንቶይኔት የሚል ስም ሰጠቻት። በርታ የሚለውን ስም የሚያወጣላት ባሏ ነው። እሱ ራሱ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ደካማ ተማሪ የሚሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ስለ አንዱ መጽሐፍ 1,200 ቃላት፣ ስለ ሌላው 1,200 ቃላት ይጽፍና መሐሉን «በተመሳሳይ ሁኔታ» በሚል ሐረግ ይሰፋዋል። ወይም «ሁለቱም መጻሕፍት ስለ ሴቶች ጭቆና ይናገራሉ» ይላል፤ እንቁላልም ዱባም ክብ ናቸው እንደማለት ነው። መመዘኛው አምስት ነገር ይጠይቃል፦ የተደራጀ የራስ ክርክር፣ ደራሲው ትርጉሙን በምን ዘዴ እንደሠራው ማሳየት፣ መጽሐፉ የተጻፈበትንና የሚነበብበትን ዘመን ማወቅ፣ ሁለቱን ማገናኘት፣ ሌሎች አንባቢዎች ምን እንዳሉ መመርመር። ይህ ሁሉ በአንድ ዘንግ ካልተሽከረከረ ይበተናል። ዘንጉ ደግሞ ሁለቱ መጻሕፍት የተለያየ መልስ የሚሰጡበት አንድ ጥያቄ ነው።

የልጅቷ ጥያቄ ገንዘብ ነበር። በ«ጄን ኤር» ውስጥ የሮቸስተር አባት ልጁን ከበርታ ጋር ያጋባው 30,000 ፓውንድ ይዛ ስለምትመጣ ነው። በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ሀብት የባሏ ነበር፤ ይህ በወጉ የተሻረው በ1882 በወጣው ሕግ ነው። ጄን በበኩሏ ነፃ ሴት የምትሆነው ማዴይራ ይኖር ከነበረ አጎቷ 20,000 ፓውንድ ስትወርስ ነው። ይህ አጎት ከጃማይካው ከሜሰን የንግድ ቤት ጋር ይሠራ ነበር። ጄን ገንዘቡን ከሦስት የአክስቷ ልጆች ጋር ለአራት ትካፈለዋለች። አንባቢ በደግነቷ ይደሰታል። የገንዘቡ መንገድ ግን ወዴት ያመራል?

ኢንተርኔት፣ ሚኒስትሩና ማሽኑ

በ2000 ኤ-ሌቭል በሁለት ደረጃ ተከፍሎ እንደገና ሲደራጅ የዓመት ሥራ ቦታውን ይዞ ቆየ፤ በ2008ቱ ማሻሻያ እንዲያውም በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እስከ 40 ከመቶ ደረሰ። ነገር ግን በዚሁ ጊዜ ኢንተርኔት በየቤቱ ገብቶ ነበር። ክፍያ ከፍለህ ጽሑፍ የምታስጽፍባቸው ገጾች እንደ አሸን ፈሉ። በ2005 የመንግሥቱ የሥርዓተ ትምህርት ባለሥልጣን ጉዳዩን መረመረ፤ የወላጆች እጅ የት ላይ እንደሚቆምም ግራ አጋቢ ሆኖ ተገኘ። በ2006 የትምህርት ሚኒስትሩ አለን ጆንሰን የሒሳብ የዓመት ሥራ ከጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. እንዲወጣ፣ በሌሎች ትምህርቶችም ሥራው በክፍል ውስጥ በመምህር ዓይን ሥር እንዲሠራ አዘዙ።

ከዚያ የማይክል ጎቭ ዘመን ሆነ። ከመስከረም 2015 ጀምሮ ኤ-ሌቭል ወደ ጥንቱ፣ በሁለት ዓመት መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ወደሚሰጥ ፈተና ተመለሰ። ከብዙ ትምህርቶች የዓመት ሥራ ጨርሶ ወጣ፤ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ግን 20 ከመቶ ተረፈ። የእህቴ ልጅ የጻፈችው በዚህች በተረፈችው ሃያ ውስጥ ነው።

እምነት ምን ያህል እንደሳሳ አገሩ ሁሉ ያየው በ2020 ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ፈተና ሲሰረዝ መምህራን ለእያንዳንዱ ተማሪ ግምታቸውን ላኩ። የፈተና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግምቱን በሒሳብ ቀመር አሻሻለው፤ ቀመሩ የትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት ከግምት ያስገባ ነበር። ነሐሴ 13 ውጤት ሲወጣ በእንግሊዝ ከመምህራኑ ግምት 40 ከመቶ ያህሉ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በደካማ ትምህርት ቤት የተማረ ጎበዝ ልጅ ታላላቆቹ ባገኙት ውጤት ተቀጣ። ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ መንግሥትም ነሐሴ 17 ቀን ቀመሩን ጥሎ ወደ መምህራኑ ግምት ተመለሰ። ሚዛናዊ ለመሆን የሌላውንም ወገን ማስረጃ ላስቀምጥ፦ በ2019 ከኤ-ሌቭል ውጤቶች «ኤ» እና ከዚያ በላይ የሆኑት ሩብ ያህል ነበሩ፤ ምዘናው በመምህራን እጅ በነበረበት በ2021 ግን ወደ 45 ከመቶ ተጠጉ። ቀመር ልጁን አያውቀውም። መምህር ያውቀዋል፣ ግን ይራራለታል።

በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ሲለቀቅ እንግዲህ አሮጌው ክርክር አዲስ ልብስ ለብሶ መጣ። የፈተና ቦርዶቹ ማኅበር በተከታዩ ዓመት መመሪያ አወጣ፤ ተማሪው ሥራው የራሱ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል፣ መምህሩም ሥራው ሲሠራ በበቂ ሁኔታ ማየትና መመስከር አለበት። ማሽኑ ችግሩን አገነነው እንጂ አልፈጠረውም። ከማሽኑ በፊት የግል አስጠኚ ነበረ፤ ከአስጠኚው በፊት የተማረ አባት፣ የተማረች እናት፣ የተማረ አጎት ነበረ። ሀብታሙ ምንጊዜም ማሽን ነበረው። ደሞዝ የሚከፈለው፣ መነጽር ያደረገ ማሽን።

የተሰረዘው አንቀጽ

ያን ምሽት ለእህቴ እውነቱን ነገርኳት። ለአፍታ ዝም አለችና «እንዲህማ ከሆነ አንተው ንገራቸው» አለችኝ። ለመምህሯ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንቀጹ የኔ መሆኑን፣ ልጅቷ ምክር መስሏት እንደተቀበለችው ገለጽኩ። ልጅቷ የማረጋገጫውን ቅጽ ገና አልፈረመችም ነበር፤ በደንቡ መሠረት ከፊርማ በፊት የተገኘ ጉድለት በዚያው በትምህርት ቤቱ ይታያል። መምህሯ አስጠርታ ግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገረቻት። ማስታወሻ ደብተሯንና የቀደሙትን ረቂቆች አስመጣች። በመጨረሻም የእኔ አንቀጽ ተሰርዞ የልጅቷ የመጀመሪያው እንዲመለስ ተስማሙ።

ያሳፈረኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ልጅቷ የተመለሰውን አንቀጽ ላከችልኝ፤ እኔም በጥሞና ያነበብኩት ገና ያኔ ነው። ሰዋስዉ ይንገዳገዳል። አንድ ዓረፍተ ነገር አምስት መስመር ይሄዳል። ሐሳቡ ግን ይህ ነበር፦ አንደኛው መጽሐፍ ገንዘቡ ለማን እንደሚካፈል ይነግረናል፣ ሁለተኛው ከማን እንደተወሰደ ይነግረናል፤ ስለዚህ ሁለቱን አብሮ ያላነበበ ሰው ግማሹን ደረሰኝ ብቻ ይዟል። እኔ ይህን አጥፍቼ በምትኩ ስለ ድኅረ ቅኝ ግዛት ንባብ ሁለት የተሽሞነሞኑ ዓረፍተ ነገሮች አስገብቼ ነበር። በየመጽሔቱ የሚገኙ፣ የማንም ያልሆኑ ዓረፍተ ነገሮች። መምህሯ ማሽን የጻፈው ቢመስላት ምን ይገርማል?

«ይህን ከየት አመጣሽው?» ብዬ በስልክ ጠየቅኋት። «አጎቴ፣ እማዬ በየወሩ አገር ቤት ገንዘብ ስትልክ አያለሁ» አለችኝ። «የሚቀበሉት ደስ ይላቸዋል። ከስንት ሌሊት እንደመጣ ግን አይጠይቁም።»

የምመልሰው አጣሁ። በዚያ ገንዘብ ከሚደሰቱት መካከል የእኔም እናት አለች። ተማሪ የነበርኩ ጊዜም እኔው ራሴ ነበርኩበት።

እኛስ?

ይህን ሁሉ የጻፍኩት የእንግሊዝን ጓዳ ለመክፈት ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ የፈተና አዳራሽ ለእኛም ቅርብ ነበር። በ1946 የተከፈተው የአዲስ አበባው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በብሪቲሽ ካውንስል ይመራ ነበር፤ ከተማሪዎቹም የለንደን ዩኒቨርሲቲን ምስክር ወረቀት የተፈተኑ ነበሩ። የተቀበልነው አዳራሹን ነው። እንግሊዞች ኋላ ላይ ከአዳራሹ ጎን የሠሩትን ትንሽ ክፍል፣ ተማሪው የራሱን ጥያቄ ይዞ የሚገባበትን፣ አልወሰድንም። ዛሬ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምርጫ ጥያቄ ነው። በጥቅምት 2022 ኩረጃን ለመከላከል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው ተፈተኑ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም ስለ ቁጥሩ ተከራከረ። አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ በብሔራዊ ፈተናው ላይ አንዲት አንቀጽ እንኳ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ ግን ብዙ ሰው አላነሣም። ማንም የማያምነው መምህር፣ ማንም የማያምነው ተማሪ ያለበት አገር የሚቀረው የሚጠቆር ክብ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ሌላ መንገድ አናውቅም ነበርን? በቅኔ ቤት ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰሙንና ወርቁን ይጠይቀዋል፤ ያነክሳል ያለውን ያርመዋል። ተማሪው የሌላውን ቅኔ ይዞ ቢመጣ ከጥያቄው አያመልጥም፤ ወርቁን የሚያውቀው የቆጠረው ነውና። ቤቱን የማወድሰው ያለ ጉድለቱ አይደለም፤ ስንቱን ድሀ በረሃብና በቁራሽ ልመና እንዳሳለፈ አውቃለሁ። ነገር ግን «ይህን የጻፈው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ተማሪውን ፊት ለፊት አስቀምጦ መጠየቅ እንደሆነ ያውቅ ነበር። የለንደኗም መምህር በግማሽ ሰዓት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ማሽን የሚለይ ሌላ ማሽን አላመጣችም፤ ጊዜዋን ሰጠች፣ ጠየቀች፣ አዳመጠች።

ጊዜ ግን ገንዘብ ነው። በአንድ ክፍል ሰባና ሰማንያ ተማሪ ለሚያስተምር፣ ደመወዙ የወር አስቤዛ ለማይሸፍንለት መምህር «እያንዳንዱን ልጅ ግማሽ ሰዓት አነጋግር» ማለት ቀልድ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ተመልሶ አርኖልድ የጮኸበት ቦታ ላይ ይወድቃል፦ መንግሥት ለመምህሩ ጊዜ ካልከፈለ ማስተዋልን አያገኝም፤ በቁጥር ብቻ ሲከፍል በቁጥር ብቻ ያገኛል።

የእህቴ ልጅ ያገኘችው ውጤት የራሷ ነውና አልጽፈውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የተማሪ ረቂቅ ሲመጣልኝ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ልፍስፍስ የሚል አንቀጽ ሳገኝ «ምን ልትል ፈልገህ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን እስኪነግረኝም እጠብቃለሁ። ከምጠብቀው በላይ ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዴ ግን ከዚያ ዝምታ ውስጥ እኔ ልጽፈው የማልችለው ነገር ይወጣል።